ያውቁ ኖሯል? በትራንዚት ሰዓት ከተማ ይታያል!

ቲኬትዎ ላይ «የ11 ሰዓት ትራንዚት» የሚል ሲያዩ ፊትዎን አያጨፍግጉ! አንድ ከተማ ተመርቆልዎታል! ፓስፖርትዎን ይያዙና ይከተሉን!

ያውቁ ኖሯል? የቱርክ አየር መንገድ ኢስታንቡል ላይ ከ6 እስከ 24 ሰዓት የሚጠብቁ መንገደኞቹን ከተማ ወስዶ ያስጎበኛል! አስጎብኚው በነጻ! የሙዚየም መግቢያው በነጻ! ምግቡ ሳይቀር በነጻ! ከእርስዎ የሚጠበቀው ቱርክ የሚያስገባ ቪዛ ነው!

እዚያው ኢስታንቡል ሀጊያ ሶፊያ በ537 ተመርቃ እስከ ዛሬ ቆማለች! የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው ከ600 ዓመት በላይ ቀድማ! (እግረ መንገዳችንን፦ እዚህ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አውሮፕላኑም የሚሄደው በዚያው ነው!)

ከዚያ ወጣ ብለው ትልቁን ባዛር ይጎብኙ! ከ60 በላይ መንገዶች፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሱቆች፣ ሁሉም በጣሪያ ሥር! መርካቶን የለመዱ ካልሆኑ በረራዎ ሊያመልጥዎ ነው!

ሲንጋፖርም አታንስም! የቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ፣ ከ24 ሰዓት በታች ለሚቆዩ የትራንዚት መንገደኞች ነጻ የከተማ ጉብኝት አለው! አውቶቡሱም አስጎብኚውም ተዘጋጅተው ይጠብቁዎታል!

ግን ቻንጊን ለቆ መውጣት ራሱ ያሳሳል! 40 ሜትር ከፍታ ያለው ፏፏቴ ይወርድበታል፤ ያውም ቤት ውስጥ! በዓለም ላይ ከዚህ የሚረዝም የቤት ውስጥ ፏፏቴ የለም!

ቢራቢሮዎች የሚበሩበት የአትክልት ስፍራም አለው! ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳይ ነጻ ሲኒማም አለው! መዋኛ ገንዳም አለው! ከተማውን ትቶ ኤርፖርቱን ሲጎበኝ የሚውል ሰው አለ፤ አንፈርድበትም!

ያውቁ ኖሯል? በዓለም አቀፍ ቲኬት ላይ 24 ሰዓት ተአምረኛ ቁጥር ናት! ቆይታዎ ከዚያ ካነሰ ትራንዚት ይባላል! ካለፈ ግን ስቶፕኦቨር ይሆንና የቲኬቱ ዋጋ ሊለወጥ ይችላል! በ23 ሰዓት ከ50 ደቂቃ እና በ24 ሰዓት ከ10 ደቂቃ መካከል ያለችው 20 ደቂቃ ኪስ ትነካለች!

አይስላንዶች ግን ለዚህ ሕግ ግድ የላቸውም! አይስላንድኤር አትላንቲክን ሲያቋርጡ በመሀል እስከ 7 ሌሊት አይስላንድ ላይ ቢቆዩ በቲኬቱ ዋጋ ላይ ምንም አይጨምርም! ሰባት ሌሊት!

እዚያ ሰማያዊው ሐይቅ «ብሉ ላጉን» ከኤርፖርቱ በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ ነው! ዓለም የሚነከርበት ያ ሙቅ ውኃ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ከጎኑ ካለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተረፈ ነው! ፋብሪካ የደፋው ውኃ የሀገር መታወቂያ ሆነ!

ግን ከመሄድዎ በፊት ዜና ይስሙ! ከ2023 መጨረሻ ወዲህ አካባቢው ላይ እሳተ ገሞራ እየፈነዳ ሐይቁን በተደጋጋሚ አዘግቶታል!

ያውቁ ኖሯል? ኮፐንሃገን አርፈው ስዊድን ምሳ በልተው መመለስ ይችላሉ! ከኤርፖርቱ ሥር የሚነሣው ባቡር ባሕሩን ተሻግሮ ማልሞ ለመግባት 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል! አንድ ትራንዚት፣ ሁለት አገር!

መንገዱስ ቢሆን! በ2000 የተከፈተው የኧረሰንድ መሻገሪያ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ድልድይ ሆኖ ይሄድና ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ሲደርስ ባሕር ውስጥ ይጠልቃል! ቀሪውን 4 ኪሎ ሜትር በዋሻ ነው! ድልድዩን ከሰማይ ሆነው ካዩት መሀል ባሕር ላይ የተቋረጠ ይመስላል!

የኮፐንሃገን ሜትሮ ደግሞ ሌሊትም አይተኛም! 24 ሰዓት ይሠራል! ሾፌርም የለውም! ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሾፌሩን ቦታ እርስዎ መያዝ ይችላሉ!

የባዝል ኤርፖርትስ? የስዊስ ከተማ ኤርፖርት ነው፤ መሬቱ ግን ሙሉ በሙሉ ፈረንሳይ ውስጥ ነው! ከአንዱ በር ሲወጡ ስዊዘርላንድ፣ ከሌላው በር ሲወጡ ፈረንሳይ! የአውሮፕላን ማረፊያ መለያ ኮዱም አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው!

ጂብራልታር ላይ ደግሞ ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ የአውሮፕላኑን ማኮብኮቢያ ያቋርጣል! በ2023 ለመኪና ዋሻ ተከፈተ፤ እግረኛ ግን አሁንም ማኮብኮቢያውን አቋርጦ ይሄዳል! አውሮፕላን ሲመጣ ቆሞ ያሳልፋል!

አሁን አምስተርዳም! የስኪፖል ማኮብኮቢያዎች ከባሕር ወለል በታች 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነው ያሉት! አውሮፕላንዎ የሚያርፈው በቀድሞ ሐይቅ ወለል ላይ ነው!

ያ ሐይቅ በ1852 ደርቆ ሳያልቅ በፊትማ መርከቦች ይዋጉበት ነበር! በ1573 የኔዘርላንድ ዐማፅያንና የስፔን ወገን መርከቦች እዚያው ገጥመዋል! ሻንጣዎን የሚጎትቱበት ቦታ የባሕር ኃይል ጦር ሜዳ ነበር!

ስኪፖል በ2002 የራይክስ ሙዚየምን ቅርንጫፍ ከፓስፖርት መቆጣጠሪያው ወዲያ ከፈተ! የደች ሠዓሊዎች ሥራ በነጻ፣ በጌትና በጌት መካከል! ይህ ካልበቃዎት ባቡሩ ተርሚናሉ ሥር ነው፤ አምስተርዳም መሀል ለመግባት ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል!

ወንዶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ የተሣለችውን ዝንብ ሳያዩ እንዳይወጡ! ዒላማ ትሆናለች ተብላ ነው የተቀመጠችው! ወለሉ ንጹሕ እንዲሆን! የዓለም ምሁራን ይህችን ዝንብ ሲተነትኑ ስንት ወረቀት ጨርሰዋል!

ያውቁ ኖሯል? ከቪየና ኤርፖርት ወደ ከተማ ሲገቡ በመንገድዎ ላይ ያለው ማዕከላዊ መካነ መቃብር 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አርፈውበታል! የከተማው ሕያው ነዋሪ ደግሞ 2 ሚሊዮን ብቻ ነው! ሙታኑ በቁጥር ይበልጣሉ!

ቤትሆቨን እዚያ ነው! ሹበርት እዚያ ነው! ብራምስ እዚያ ነው! ኤርፖርቱን ከከተማው የሚያገናኘው ኤስ 7 ባቡር እዚያው ይቆማል! ወርደው፣ ተሰናብተው፣ በሚቀጥለው ባቡር መቀጠል ነው!

ዙሪክ ላይ ውኃ ገዝተው እንዳይጠጡ! ከተማዋ ከ1,200 በላይ የውኃ ምንጮች በየአደባባዩ አሏት፤ የሚፈሰውም የሚጠጣ ነው! ከኤርፖርቱ በባቡር ከ10 እስከ 12 ደቂቃ! ባዶ ጠርሙስ ይያዙ!

አሁን ትንሽ ሒሳብ! 10 ሰዓት ትራንዚት አለዎት እንበል! ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ለመውጣት 1 ሰዓት! ደርሶ መልስ መንገድ 2 ሰዓት! ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ መመለስ! እጅዎ ላይ የቀረው 4 ሰዓት ነው! በእኛ ፍርድ ከ6 ሰዓት በታች ከሆነ ዙሪክና አምስተርዳምን ከመሳሰሉ ቅርብ ከተሞች በቀር አይውጡ!

በሩም የሚዘጋው አውሮፕላኑ ሲነሣ አይደለም! ከዚያ 15 እና 20 ደቂቃ ቀድሞ ነው! አውሮፕላኑን በመስታወት እያዩት ይቀራሉ!

አሁን የሚያስደነግጠው! የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዙ አውሮፓ ውስጥ ከኤርፖርት ሳይወጡ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ለመጠበቅ እንኳ ቪዛ ሊጠየቁ ይችላሉ! የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይባላል! የሼንገን አገሮች በጋራ ባወጡት ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ኤርትራም አሉ!

ግን የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ በፓስፖርትዎ ላይ ጸንቶ ካለ ከዚህ ነጻ ነዎት! አንዱ አገር የሰጠው ቪዛ በሌላው አህጉር ወንበር ላይ ያስቀምጣል!

አሜሪካ ይብሳል! እዚያ «ሳልገባ ልለፍ» የሚባል ነገር የለም! ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ብራዚል እያለፉ ቢሆንም ኢሚግሬሽን ፊት ይቆማሉ፤ ቪዛም ያስፈልግዎታል! ሻንጣዎንም በአብዛኛው ተቀብለው እንደገና ማስረከብ አለብዎት!

ቻይና ደግሞ በተቃራኒው! ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፉ ከሆነና ቆይታዎ ከ24 ሰዓት ካልበለጠ፣ ለአብዛኛው የዓለም ዜጋ ያለ ቪዛ ማለፍ ይፈቀዳል! ከኤርፖርት ወጥቶ ከተማ ለማየት ግን እዚያው ያለውን የኢሚግሬሽን መኮንን ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅ ነው! ከመሄድዎ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቁ፤ ይህን ምክር ልብ ይበሉ!

ሻንጋይ ከደረሱ ታክሲ አይያዙ! ከፑዶንግ ኤርፖርት የሚነሣው ባቡር ሐዲድ አይነካም! በማግኔት ኃይል አየር ላይ ተንሳፍፎ 30 ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል! በደህና ዘመኑ በሰዓት 431 ኪሎ ሜትር ይከንፍ ነበር!

ሆንግ ኮንግ ኤርፖርት የቆመበት ደሴት ተራራ ተንዶ፣ ባሕር ተሞልቶ የተሠራ ነው! ከዚያ አጠገብ የሚነሣው ኬብል ካር 5.7 ኪሎ ሜትር ባሕርና ተራራ አቋርጦ በ25 ደቂቃ 34 ሜትር ቁመት ያለው የቡድሃ ሐውልት ዘንድ ያደርስዎታል! ከዚያ 268 ደረጃ ይቀርዎታል! ጉልበት ካለ!

ቶኪዮ ናሪታ ካረፉ ቶኪዮን ይርሷት፤ ሩቅ ናት! በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ሄደው ናሪታ ከተማ ይውረዱ! በ940 የተመሠረተ ቤተ መቅደስ ይጠብቅዎታል! መንገዱ ዳር ደግሞ እባብ የሚመስለውን ዓሣ ፊትዎ አርደው ይጠብሱታል! ደፋር ከሆኑ ይቅመሱ!

ናሪታ ኤርፖርት ውስጥ እርሻ እንደነበረስ ያውቁ ኖሯል? መሬታችንን አንለቅም ያሉ ገበሬዎች በማኮብኮቢያዎቹ መካከል ለአሥርት ዓመታት አትክልት ሲያመርቱ ኖረዋል! አውሮፕላኖቹ የሚሄዱበት መንገድ በእነሱ ማሳ ዙሪያ ተጠምዝዞ ነበር!

ወደ ባሕረ ሰላጤው እንለፍ! የዱባይ ሜትሮ የተመረቀው በ2009፣ በ9ኛው ወር፣ በ9ኛው ቀን፣ ከምሽቱ 9 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ላይ ነው! በእኛ ሰዓት 3 ከ9 ደቂቃ መሆኑን የነገራቸው የለም!

ያ ሜትሮ ከተርሚናል 1 እና 3 አንሥቶ ከተማ ይወስድዎታል! ከዚያ አብራ የምትባለውን የእንጨት ጀልባ ተሳፍረው የዱባይን ወሽመጥ ይሻገሩ! ዋጋዋ 1 ድርሃም! በዚያች የወርቅ ከተማ በ1 ድርሃም ሌላ ምን ይገኛል?

828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኻሊፋ ላይ በረመዳን ሁሉም ነዋሪ እኩል አያፈጥርም! ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉት 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት 3 ደቂቃ ይጠብቃሉ! ከላይ ሆነው ፀሐይን ቆይተው ስለሚያዩዋት!

አቡ ዳቢ የሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ወለል ላይ አንድ ምንጣፍ ተነጥፏል! አንድ ብቻ! ስፋቱ 5,627 ካሬ ሜትር! 1,200 ያህል ሸማኔዎች በእጃቸው ቋጥረው ሠርተውታል! ጫማ አውልቆ መግባት ነው!

ዶሃ ኤርፖርት መሀል 7 ሜትር የሚረዝም ቢጫ ድብ ተቀምጧል! ጭንቅላቱ ላይ መብራት ተሰክቷል! ለስላሳ አሻንጉሊት ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ነሐስ ነው! በ2011 ጨረታ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል! ያገራችን ልጆች ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት ሲመለሱ ፎቶ የሚነሡበት እሱ ነው!

ያውቁ ኖሯል? የኳታር አየር መንገድ ጭልፊትን በመንገደኛ ክፍል ውስጥ ያሳፍራል! በአንድ በረራ እስከ 6 ጭልፊት ይፈቀዳል! ዶሃ ሱቅ ዋቂፍ ገበያ ሲደርሱ ደግሞ የጭልፊት ሆስፒታል ያገኛሉ! የራጅ ክፍል ሳይቀር ያለው!

የዶሃውን የእስልምና ጥበብ ሙዚየም የነደፈው አርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ነው! ሌላ ሕንፃ መጥቶ እንዳይጋርደው ብሎ የራሱ ደሴት ይሠራለት አለ! ተሠራለት! በ2008 ሲከፈት አርክቴክቱ 91 ዓመቱ ነበር!

ሙዚየም የሚዘጋበትን ቀን ሳያዩ ከተማ አይውጡ! የፓሪሱ ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው! የማድሪዱ ፕራዶ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት በነጻ ያስገባል! የማድሪድ ሜትሮም ኤርፖርቱ ድረስ ይመጣል! እንግዲህ ትራንዚትዎን አስተካክለው ቲኬት ይቁረጡ!

ከተማ ወጥተው የሚመለሱ ከሆነ ፍተሻውም እንደ አዲስ ነው! ከመጀመሪያው ዲዩቲ ፍሪ የገዙት ሽቶ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ሊቀር ይችላል! ማር እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል! አዎ፣ ማር!

በርበሬና ሽሮስ? ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር መያዣ በላይ የሆነ ዱቄት ሁሉ ለተጨማሪ ፍተሻ ሊከፈት ይችላል! የእናትዎን በርበሬ በጭነት ሻንጣ ይላኩት!

አሁን ልብ የሚነካው! ለንደን ሂትሮው ለብዙ ሰዓት ከቆዩ ዊንዘር ቅርብ ናት! እዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል! መቅደላ በ1868 ስትወድቅ 7 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ነበር! በ18 ዓመቱ በ1879 ዐረፈ! አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 እንደገና ቀርቦ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለውም! ይህን ሁሉ ኤርፖርት ቁጭ ብሎ ማሳለፍ አይቻልም! ጸሎት ቤቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ መሆኑን ግን አይርሱ!

ሮም ላይስ? የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው አደባባይ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው! ሕንፃው ሲታሰብ ለኢጣሊያ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር!

ሐውልቱ ራሱ በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወደ አክሱም በረረ! 68 ዓመት ውጭ አገር! ከዚህ የሚረዝም ትራንዚት ያውቃሉ?

ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ሮም ዋናው ጣቢያ በባቡር 32 ደቂቃ ነው! በቫቲካን ግንብ ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ቀድሞ ተሠርቶ እስካሁን የቆመው የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው! በግንቡ ውስጥ ያለው ብቸኛ ኮሌጅም የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው! ብቸኛው!

እዚያው ሮም ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የኢትዮጵያ ተጓዦች ሲዘምሩ ሰምቶ ግእዝ ተማረ! በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ! በዓለም የመጀመሪያው የግእዝ የታተመ መጽሐፍ!

ከቤን ጉሪዮን ኤርፖርት ኢየሩሳሌም በባቡር ከግማሽ ሰዓት በታች ነው! የሚወርዱበት ጣቢያ 80 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ነው! ግን ዐርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ምሽት ባቡሩ አይሠራም! ሰንበት ነውና!

ኢየሩሳሌም ውስጥ የኢትዮጵያ ጎዳና አለ! ክቧ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያናችን ገነቷን ዘርግታ እዚያ ናት! ዕብራይስጥን ዳግም አፍ ያስፈታው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረውም በዚያው ጎዳና ነው! የእኛ መነኮሳት ጎረቤት!

ሴኡል ኢንቾን ላይ 14 እና 15 ሰዓት ካለዎት ቹንቾን የምትባል ከተማ ለመድረስ ይሞክሩ! ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል! በኮሪያ ጦርነት ለዘመተው ቃኘው ሻለቃ የቆመ ሐውልት አለ! ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ሄደው መርቀውታል! በዚያው ዓመት የተከፈተው «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤትም አጠገቡ አለ!

ዋሽንግተን ደለስ ለብዙዎቻችን ማረፊያ ነው እንጂ ማለፊያ አይደለም! ቢሆንም ከተርሚናሉ በመኪና 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ርቆ በስሚዝሶኒያን አዳራሽ ውስጥ እውነተኛ የጠፈር መንኮራኩር ተቀምጧል! ዲስከቨሪ! 39 ጊዜ ወደ ጠፈር የወጣ! ኮንኮርድም አጠገቡ አለ! መግቢያው በነጻ! የልጅ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ!

ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሜትሮው ደለስ ድረስ ይመጣል! ከተማ ሲገቡ በአማርኛ የተጻፈ የመንግሥት ቅጽ ቢያዩ አይገረሙ! የዋሽንግተን መስተዳድር መረጃዎቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው!

ናይሮቢ ላይ አንበሳ ለማየት አገር ማቋረጥ የለብዎትም! ብሔራዊ ፓርኩ ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው! ኤርፖርቱም ቅርብ ነው! ቀጭኔዋን ፎቶ ሲያነሡ ከጀርባዋ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይገባል! ከ1946 ጀምሮ እንዲህ ነው!

ፓሪስ ላይ ደግሞ የትራንዚቶች ሁሉ አባት! ኢራን ተወላጁ መህራን ካሪሚ ናሴሪ በ1988 ቻርልስ ደ ጎል ገብቶ እስከ 2006 ተርሚናል 1 ውስጥ ኖረ! 18 ዓመት! በ2022 ተመልሶ መጥቶ እዚያው ኤርፖርት ውስጥ ሕይወቱ አለፈ!

አሁን ወደ ቤታችን! ያውቁ ኖሯል? ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው! ከቆላ አገር የመጣ መንገደኛ ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል! ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል! ቡናችን ግን ምንም አልጎደለበትም!

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀደም ያለ ተያያዥ በረራ አጥተው አዲስ አበባ ላይ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ለሚጠብቁ መንገደኞቹ ሆቴል ይሰጣል! አየር መንገዱ የራሱ ሆቴልም አለው! ስካይላይት ይባላል፤ ከ1,000 በላይ ክፍሎች አሉት! ከተርሚናሉ ጥቂት ደቂቃ!

ፈረንጅ እንግዳ በትራንዚት ሲመጣልዎ ቀጠሮ በጥንቃቄ ይያዙ! «ጠዋት 2 ሰዓት እንገናኝ» ካሉት ሌሊት ሊነሣ ነው! ቲኬቱ ላይ 02:00 የሚለው ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው! በዚህ ስንት ሰው በረራ አምልጦት ይሆን!

እንግዳውን ወደ አምስት ኪሎ ይውሰዱት! ድንቅነሽ እዚያ ናት! 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ፣ 1.1 ሜትር ገደማ ቁመት! ከዚያ ፒያሳ ወርዶ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፤ በ2024 የተከፈተ! ቡና ከፈለገ ቶሞካ እዚያው ጎኑ ነው! ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ለዚህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይበቃል! የመንገድ መጨናነቅ ካልያዘው!

ድንቅነሽስ ራሷ ተጓዥ አይደለችም? ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ ነበረች! በ2025 ደግሞ ፕራግ ሄዳ ታየች! ያለ ፓስፖርት!

የአየር መንገዳችንስ የመጀመሪያ በረራ? ሚያዝያ 8 ቀን 1946 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ካይሮ ነበር መድረሻው! ግን በቀጥታ አልሄደም! አስመራ ላይ አረፈ! የመጀመሪያው በረራ ራሱ ትራንዚት ነበረው!